ቀሚሴ፣ ባቡሩ እና የሰው ዓይን

ለንደን ሙቀት ሲገባ እጅጌ የሌለው አጭር ቀሚስ መልበስ እወዳለሁ። ለማንም ብዬ አይደለም። ስለብሰው ቅልል ይለኛል፣ ራሴን እመስላለሁ። ሰው ቢያየኝም አይከፋኝም። አደባባይ ከወጣሁ ልታይ እንደምችል አውቃለሁ። መታየትና መታደን ግን ለየቅል ናቸው።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አዘንብሎ ይዟል። የሚያነብ ሰው ስልክ እንዲህ አይያዝም። ካሜራው ያነጣጠረው ወደ ቀሚሴ ሥር ነበር። ቀሚሴን ወደ ታች ሳብኩ፣ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ስልኩም አብሮኝ ዞር አለ። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ሰውነቴ ውሃ ሆነ፣ አፌ ተሳሰረ። «ለምን አልጮህሽም?» የሚሉ ሰዎች ይህን ሰዓት አያውቁትም።

በሩ አጠገብ የቆመች ሴት መጥታ መሀላችን ገባች። ጀርባዋን ለሱ ሰጥታ «እንዴት ነሽ? ጠፋሽ እኮ!» አለችኝ። በሕይወቴ አይቻት አላውቅም። ወሬዋን ቀጠለች፣ እኔም ምን እንደመለስኩላት እንጃ። ሰውዬው ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ወረደ። በ61016 ለባቡር ፖሊስ የጽሑፍ መልእክት እንድልክ የነገረችኝም እሷ ናት። አደጋው እዚያው እየደረሰ ከሆነ ግን 999 ነው የሚደወለው። መስመሩን፣ ሰዓቱን፣ የሰውዬውን አለባበስ ጻፍኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ።

ሕጉን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ጂና ማርቲን የምትባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ውስጥ በሙዚቃ ድግስ ላይ እንዲሁ ከቀሚሷ ሥር ፎቶ ተነሥታ ነበር። ድርጊቱን በስሙ የሚጠራ ሕግ አልነበረም። እሷ ግን ዝም አላለችም፣ ዘመቻ ጀመረች። በእንግሊዝና በዌልስ ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ ይህ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ እስከ 2 ዓመት ያሳስራል። ለንደን ባቡሮች ውስጥ ደግሞ በወሲብ ስሜት አፍጥጦ ማየት ትንኮሳ መሆኑን የሚናገር ማስታወቂያ ተለጥፎ አይቻለሁ።

ማታ ለአክስቴ ደወልኩላት። ትወደኛለች፣ እዚህ አገር ስመጣ የተቀበለችኝ እሷ ናት። ነግሬያት ሳልጨርስ «ምን ለብሰሽ ነበር?» አለችኝ። ከሰውዬው ይልቅ ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ለክፋት እንዳላለችው አውቃለሁ። ልብሱን ብትቀይሪ አይደገምም ብላ ተስፋ አድርጋ ነው። ግን እኮ በብርዱ ወራት፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በሚደርስ ካፖርት ተጠቅልዬ፣ ከጣቢያ እስከ ሰፈሬ የተከተለኝ ሰው ነበር። ያኔ ምን ይታየው ነበር?

ሂጃብ የምትለብስ የሥራ ባልደረባ አለችኝ። እሷን ደግሞ ለምን ተሸፈንሽ ብለው አውቶቡስ ውስጥ ይሰድቧታል። አንድ ቀን እንደ ቀልድ አንስተን ቁጭ ብለን አወራን። እኔን ሸፍኚ፣ እሷን ግለጪ የሚሉት አፎች አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለታችንም ቤት ደርሰን በር እስክንዘጋ ድረስ ትከሻችን ተወጥሮ ነው የምንሄደው።

ወንድሞቼም ይህን ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል። ባቡር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ከሰውዬው ጋር መደባደብ የለባችሁም። ሄዳችሁ መሀል ቁሙ። «ቀጣዩ ጣቢያ የቱ ነው?» ብላችሁ ልጅቷን ጠይቁ። አንዲት ሴት እንዲህ ሆንኩ ብላ ስትደውልላችሁም መጀመሪያ ደህና ቤት መግባቷን ጠይቋት። ከዚያ ሰዓቱንና መስመሩን ሳትረሳው ጻፉላት፣ ሪፖርት ማድረግ ከፈለገች ያስፈልጋታል።