ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለ ኔትወርክ ማንበብ

ቤቴ ደሴ ሲሆን የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ ስለዚህ በሳምንት አምስት ቀን ጧት የሐረጎን ተራራ መንገድ እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ መንገድ ለማንበብ ያለኝ ብቸኛ ሰዓት ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግን ይህን ሰዓት የቴሌግራም ቻናሎች ይወስዱብኝ ነበር። አንዱን ዜና አምስት ቻናል እየተቀባበለ ይለጥፈዋል፤ እኔ መርጬ ልከታተላቸው የምፈልጋቸው ሰዎች የጻፉት ደግሞ ከሥር ተቀብሮ ይቀራል። ኮምቦልቻ ስደርስ ብዙ አይቼ፣ አንድም ሳላነብ ነበር ከሚኒባሱ የምወርደው።

በዚህ ምክንያት ያለፉትን ሁለት ወራት የፊድ አንባቢዎችን ስሞክር ቆየሁ። ፊድ ማለት አንድ ድረ ገጽ አዲስ ጽሑፍ ሲያወጣ ርእሱን፣ ቀኑን፣ ሊንኩን፣ እንዲሁም ጽሑፉን ወይም ቅንጫቢውን አሰናድቶ የሚያስቀምጥበት ፋይል ነው፤ አንባቢው መተግበሪያ ያንን ፋይል በየጊዜው እየተመለከተ አዲስ የተጻፈውን ያመጣልናል። የትኛው ጽሑፍ ቀድሞ ይታይ ብሎ በመሐል የሚወስን የለም። አርኤስኤስ የሚባለው የፊድ ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ ኔትስኬፕ ከተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ ሠሪ ኩባንያ የወጣው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1999 ነው፤ የግእዝ ፊደልም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት ወደሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው በዚያው ዓመት፣ በዩኒኮድ 3.0 ስለሆነ ሁለቱን እንደ እኩዮች አያቸዋለሁ። ጉግል ሪደር የተባለው የጉግል ፊድ አንባቢ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2013 ሲዘጋ ብዙ ሰው ፊድ አብሮ የሞተ መስሎት ነበር። ሆኖም ፖድካስት እስከ ዛሬ የሚሰራጨው በአርኤስኤስ ነው፤ ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተሠራ ገጽም አብዛኛውን ጊዜ፣ ባለቤቱ ባያውቀው እንኳ፣ ፊድ አለው። ከአድራሻው መጨረሻ እዝባር አድርጎ «ፊድ» የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል መጻፍ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በቅድሚያ የሞከርኩት ፊድሊን ነው። በነጻ እስከ 100 ምንጭ ይፈቅዳል፤ በቢሮ ኮምፒውተር ያነበብኩትንም ስልኬ ላይ እንደተነበበ አድርጎ ያሳየኛል። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ለሚውል ሰው እመክረዋለሁ። የእኔ ጉዳይ ግን መንገዱ ነው፤ ስለዚህ ፊደር ወደሚባለው የአንድሮይድ መተግበሪያ ተዛወርኩ። አካውንት አይጠይቅም፣ የምንጮቹም ዝርዝር የሚቀመጠው ስልኩ ላይ ነው። በዋይፋይ ብቻ እንዲያወርድና ሙሉ ጽሑፉንም አብሮ እንዲያመጣ ማዘዝ በመቻሉ፣ ማታ ከቢሮ ከመውጣቴ በፊት አውርጄ የማታውንም የማግስቱንም መንገድ ዳታ ሳልነካ አነባለሁ። የመረጥኳቸውን 31 ምንጮች ኦፒኤምኤል በሚባል አንድ ፋይል ከፊድሊ አውጥቼ ወደ ፊደር ለማስገባት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ያጠራቀሙትን ይዞ መውጣት መቻል ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ጧት ሐረጎ በጉም ተሸፍኖ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አባት ስልካቸውን ደጋግመው ከሞከሩ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ አንተ ምኑን ነው የምታነበው?»

«አባባ፣ ትናንት ማታ ያወረድኩትን ነው» አልኳቸውና ዝርዝሩን አሳየኋቸው። ካወረድኳቸው ስምንት ጽሑፎች ሁለት ቀርተውኝ ነበር፤ ጉሙን አልፈን ኮምቦልቻ ሳንገባ ጨረስኳቸው። ዝርዝሩ የሚያልቅ መሆኑ ነው ከሁሉም በላይ የወደድኩለት።

ያልተሟላ ነገርም አለ። የውሃ ፈረቃና የመብራት ማስታወቂያ የሚደርሰኝ በቴሌግራም ስለሆነና ቴሌግራም ለቻናሎቹ የራሱ ፊድ ስለሌለው፣ ለዚያ ጉዳይ ብቻ አሁንም እከፍተዋለሁ። ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን የእኛው የአማርኛ ድረ ገጾች ነገር ነው። አንዱ ፊዱ ውስጥ ሁለት መስመር ብቻ ይሰጣል፤ የሌላው ፊደል ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል፤ በሦስተኛው ደግሞ ከፋይሉ መጀመሪያ በስሕተት የገባ አንድ ባዶ መስመር መተግበሪያው ምንም እንዳያነብ አድርጎት ቆይቷል። ለባለቤቱ ስጽፍለት ፊድ እንዳለው እንኳ አያውቅም ነበር፤ በሳምንቱ አስተካከለው። ድረ ገጽ ያላችሁ ሁሉ የራሳችሁን ፊድ ዛሬውኑ በአንድ አንባቢ ከፍታችሁ እንድታዩት፣ ከተቻላችሁም ሙሉ ጽሑፉን እንድትለቁበት አደራ እላለሁ።