አንዲት ጠብታ ውኃ እና 98 ፖዘቲቭ

በሰገራ ውስጥ የተደበቀ ደምን በመፈለግ በትልቁ አንጀት ካንሰር የሚሞተውን ሰው ቁጥር መቀነስ ይቻል እንደሆነ ለማየት፣ አሜሪካ የሚገኘው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ትልቅ ሙከራ ጀመረ። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 የሆኑ 46,551 ሰዎች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን በየዓመቱ ይመረመራል፤ ሁለተኛው በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል፤ ሦስተኛው እንደ ወትሮው ይኖራል። ሐኪሞች ይህን ሙከራ ሲያነሱ የሚያወሩት በ1993 ስለ ወጣው ውጤት ነው። ላብራቶሪ የሚውል ሰው ደግሞ ሥራው መሐል ላይ ስለተጨመረችው ጠብታ ያወራል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ተሳታፊው ከሦስት ተከታታይ ሰገራ፣ ከእያንዳንዱ ከሁለት ቦታ፣ በእንጨት ጫፍ ትንሽ ቆንጠር አድርጎ ጉዋያክ የሚባል የዛፍ ሙጫ የተነከረ ወረቀት ባለው ካርድ ላይ ስስ አድርጎ ይቀባል። በጠቅላላው ስድስት ቅባት ይሆናል። ካርዶቹ ላብራቶሪ ሲደርሱ ባለሙያው የጀርባውን ክዳን ከፍቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበትን የመመርመሪያ ፈሳሽ (ሪኤጀንት) ያንጠባጥባል፤ ከዚያ ዓይኑን ሳይነቅል እስከ 60 ሰከንድ ይጠብቃል። ከቅባቱ ጠርዝ ሰማያዊ ቀለም ፈንጠቅ ካለ ፖዘቲቭ ነው። ቀለሙ ስለሚደበዝዝ፣ ስልክ አንስቶ ተመልሶ ማንበብ አይቻልም። ከስድስቱ አንዱ ብቻ ሰማያዊ ቢሆን እንኳ ሰውየው ፖዘቲቭ ተብሎ ወደ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቱቦ ትልቁን አንጀት ወደ ማየት፣ ይሄዳል።

ካርዱ ከቤት ተነስቶ ላብራቶሪ እስኪደርስ ይደርቃል። ምርመራው የሚያየው ደሙን በቀጥታ አይደለም፤ በሄሞግሎቢን ውስጥ ያለው ሄም ከፐርኦክሳይዱ ኦክስጅን ወስዶ ለጉዋያኩ ሲያሻግር የሚፈጠረውን ቀለም ነው። ቅባቱ ሲደርቅ ይህ ጉልበት ይዳከማል፤ ደም እያለ ካርዱ ነጭ ይሆናል። ስለዚህ ሙከራው ከተጀመረ በኋላ ላብራቶሪው ሪኤጀንቱን ከመጨመሩ በፊት ቅባቱ ላይ አንዲት ጠብታ ውኃ ማድረግ ጀመረ። ካርዱም ያው ነው፣ ሪኤጀንቱም ያው ነው፣ የንባብ ሰዓቱም ያው ነው። በመጨረሻ ከስላይዶቹ (ከካርዶቹ) 83 በመቶ ያህሉ በውኃ ርሰው የተነበቡ ሆኑ።

ቁጥሮቹን እንያቸው። ያለ ውኃ ሲነበብ ፖዘቲቭ የሚወጣው 2.4 በመቶ ነበር፤ በውኃ 9.8 በመቶ ሆነ። ካንሰር ያለበትን ሰው የመያዝ አቅሙ ከ80.8 ወደ 92.2 በመቶ ወጣ፤ ጤነኛውን ጤነኛ የማለት አቅሙ ግን ከ97.7 ወደ 90.4 ወረደ። ፖዘቲቭ ከወጡት መካከል በእርግጥ ካንሰር የተገኘባቸው ከ5.6 ወደ 2.2 በመቶ ዝቅ አሉ። በአንድ ሺህ ሰው ሲመነዘር ያለ ውኃ 24 ሰው ለኮሎኖስኮፒ ይላካል፣ አንድ ወይም ሁለት ካንሰር ይገኛል። በውኃ 98 ሰው ይላካል፣ የሚገኘው ካንሰር ሁለት ገደማ ነው። ለአንዲት ተጨማሪ ካንሰር ዘጠና ያህል ተጨማሪ ሰው አንጀቱን አጥቦ፣ ማደንዘዣ ወስዶ፣ ቱቦ ገብቶለት ማለት ነው። ማሽኑና ሐኪሙ ሞልቶ ለተረፈ አገር ሒሳቡ ሊያዋጣ ይችላል። ኮሎኖስኮፒ በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ በሚገኝበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ግን ወረፋው ላይ ያለ፣ በእርግጥ የሚደማ በሽተኛ ከኋላ ይቀራል።

ውኃው ለምን ጤነኛውንም ፖዘቲቭ አደረገ? ሄም ብቻውን አይደለም ያንን ሥራ የሚሠራው። አበባ ጎመንና ፍጅል ውስጥ ያሉ ፐርኦክሲዴዝ የሚባሉ ኢንዛይሞችም ይሠሩታል፤ ሲደርቁ ተኝተው የነበሩት ውኃ ሲያገኙ ይነቃሉ። ያልበሰለ ሥጋም እንደዚያው፤ ጉዋያክ የሰውን ደም ከበሬው አይለይም፤ ትናንት ክትፎ የበላ ሰው ዛሬ ፖዘቲቭ ቢወጣ አይገርምም። ከምርመራው በፊት ለሦስት ቀን ቀይ ሥጋ ተው የሚባለው ለዚህ ነው። በተቃራኒው በቀን ከ250 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ የሚወስድ ሰው ደም እያለበት ነጋቲቭ ሊሆን ይችላል፤ ቫይታሚኑ ቀለሙ እንዳይወጣ ያግደዋልና። ሌላም አለ፦ የጠብታው መጠን። ጠብታ ከእጅ ወደ እጅ ይለያያል፤ በጠብታ የተለወጠ ምርመራም ከባለሙያ ባለሙያ ይለያያል።

የ1993ቱ ውጤት በየዓመቱ በተመረመረው ቡድን በ13 ዓመት ውስጥ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሞት በ33 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ጥያቄው ወዲያው መጣ። በዚያ ቡድን ከሰው 38 በመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ ኮሎኖስኮፒ ተደርጎለታል። ታዲያ ሕይወት ያተረፈው የደም ምርመራው ነው ወይስ ብዙ ሰው በአጋጣሚ ኮሎኖስኮፒ ስለገባ? በ1994 ሁለት ተመራማሪዎች አስልተው፣ ከቅነሳው ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል አሉ፤ የሚኒሶታ ሰዎች ድርሻው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው ብለው መለሱ። በ1996 የወጡት የእንግሊዙ የኖቲንግሃምና የዴንማርኩ የፉነን ሙከራዎች ስላይዱን ውኃ ሳያስነኩ፣ በየሁለት ዓመቱ መርምረው የ15 እና የ18 በመቶ ቅነሳ አገኙ። ስለዚህ ምርመራው በእርግጥ ይሠራል። ከ33ቱ ምን ያህሉ የጠብታዋ እንደሆነ ግን ዛሬም ድረስ በንጹሕ መለየት አልተቻለም፤ ሙከራ መሐል ላይ አሠራር የሚለውጥ ላብራቶሪ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው። ለውጡ ትክክል ቢሆን እንኳ ቀኑና ስላይዱ ተለይቶ መመዝገብ አለበት። የሚኒሶታዎቹ መዝግበው ነበር፤ እነዚያን መቶኛዎች ዛሬ የምናውቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህኛው ስሕተት ጯሂ ነበር፤ ፖዘቲቭ ሲበዛ የኮሎኖስኮፒ ክፍሉ ይጮኻል። የሚያስፈራው ሌላው ነው። በስሕተት ነጋቲቭ የተባለ ሰው አመስግኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ማንም አይከስም፣ ማንም አይደውልም።

በአውስትራሊያ የሆነው ይህ ነው። መንግሥት የሰገራ መመርመሪያ ዕቃውን በፖስታ ወደየቤቱ ይልካል፤ ሰዉ ናሙናውን ወስዶ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2008 ጀምሮ በተሠራጩት ዕቃዎች ፖዘቲቭ የሚወጣው ሰው ከሚጠበቀው በታች ሆነ። በግንቦት 2009 ፕሮግራሙ ቆመ፤ በእነዚያ ዕቃዎች ነጋቲቭ የተባሉት በአዲስ ዕቃ እንዲመረመሩ ተደረገ። ጥፋቱን ያጋለጠው የበሽተኛ አቤቱታ አልነበረም፤ የፖዘቲቭ መጠኑ ግራፍ ነው።

አዲሱ ምርመራ፣ ፊት (FIT) የሚባለው፣ በፀረ እንግዳ አካል የሰውን ግሎቢን፣ ማለትም የሄሞግሎቢንን ፕሮቲን ክፍል፣ ብቻ ስለሚይዝ ክትፎም ፍጅልም አያሳስበውም። ጠላቱ ሙቀት ነው። ግሎቢን ፕሮቲን ነው፤ ሲሞቅ ይፈርሳል፣ የፈረሰውን ፀረ እንግዳ አካሉ አያውቀውም። በጣሊያን ፍሎረንስ ወደ 200,000 የሚጠጉ ምርመራዎች ሲታዩ፣ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር የሚለካው ሄሞግሎቢን በ0.7 በመቶ ይቀንስ ነበር፤ በበጋ ፖዘቲቭ የመውጣት ዕድሉ ከክረምቱ በ17 በመቶ ያንሳል። ይህ የአውሮፓ በጋ ነው። የአፋርን ወይም የባሕረ ሰላጤውን አገር ሐምሌ አስቡት።

ቱቦው ላይ የሚሠራው ስሕተት ትንሽ ነው፤ ውጤቱ ግን ትልቅ። በብዛት የሚሠራበት አንድ ዓይነት ቱቦ በውስጡ 2 ሚሊ ሊትር ባፈር (ናሙናውን የሚጠብቅ ፈሳሽ) አለው፤ የናሙና መውሰጃው ዘንግ ጫፍ ላይ ያሉት ቦዮች የሚይዙት 10 ሚሊግራም ሰገራ ነው። ማሽኑ 100 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ካነበበ፣ በ2 ሲባዛ 200 ናኖግራም፣ ለ10 ሚሊግራም ሲካፈል በአንድ ግራም ሰገራ 20 ማይክሮግራም ይመጣል። የሌላ ፋብሪካ ቱቦ የባፈሩም የሰገራውም መጠን ስለሚለይ፣ ሁለት ቦታ የተሠራ ጥናት በሚሊ ሊትር ቁጥር ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው፤ በግራም ሰገራ ይጻፍ። ሰው “ትንሽ ስለሆነ አይበቃም” ብሎ ቱቦው ውስጥ በማንኪያ የሚጨምረው ደግሞ ሒሳቡን በሙሉ ያፈርሰዋል። ዘንጉ የሰገራውን ላይኛ ክፍል አምስት ስድስት ቦታ ጫር ጫር ያድርግ፣ ቦዮቹ ብቻ ይሙሉ፣ ይከደን፣ ይወዝወዝ። ከሽንትና ከመጸዳጃ ውኃ ጋር የተነካካ፣ ወይም በወር አበባ ጊዜ የተወሰደ አይሆንም። ባፈሩ ውስጥ የገባ ናሙና ቀናት ይቆያል፤ በተራ ዕቃ የመጣ ጥሬ ሰገራ ግን ጠረጴዛ ላይ ሲውል ግሎቢኑ በባክቴሪያ እየተበላ ነው።

አንድ ነገር በቅንፍ፦ ዓይኑ እያየ ደም የሚወርድበት ሰው የማጣሪያ ምርመራ ሰው አይደለም። እዚህ አገር “ኪንታሮት ነው” ተብሎ ወራት የሚቆጠረው በእርሱ ላይ ነው። ነጋቲቭ ወረቀት ሰጥቶ ከመሸኘት በጣት መመርመርና ወደ ኮሎኖስኮፒ መላክ ይቀድማል።

ለትንሽ የምርመራ ጣቢያ የፖዘቲቭ መጠን መከታተል ከባድ ሥራ አይደለም፤ በትዕግሥት መነበብ ግን አለበት። በሳምንት 40 ናሙና ቢሠራና ከመቶ 6 ፖዘቲቭ ቢጠበቅ፣ ሁለት ሦስት ፖዘቲቭ ይወጣል ማለት ነው። አንድ ሳምንት ዜሮ ቢሆን በአጋጣሚ ብቻ የመሆን ዕድሉ 8 በመቶ ያህል ስለሆነ አያስደነግጥም። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ዜሮ ከሆነ ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል፤ ያኔ ሥራ ይቆማል። መጀመሪያ ሎት ቁጥሩ (ዕቃው በአንድ ላይ የተመረተበት ዙር መለያ) ከመቼ ጀምሮ እንደተለወጠ ይታያል። ቀጥሎ ፖዘቲቭና ነጋቲቭ በሚለዩበት ነጥብ አካባቢ ያለው ዝቅተኛው ኮንትሮል (መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ መፈተሻ ናሙና) ይሠራል፤ ከፍተኛው ኮንትሮል ሩቡን ቢያጣ እንኳ ፖዘቲቭ ስለሚል አያጋልጥም። ከዚያ ናሙናው ከተወሰደበት እስከተነበበበት ያለው ቀን፣ የማጓጓዣ ሳጥኑ የሙቀት መዝገብ፣ ቅዳሜና እሑድ ቱቦዎቹ የት እንደዋሉ ይጠየቃል። ብዙውን ጊዜ መልሱ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት የደረሰ ሳጥን ሰኞ ጠዋት ድረስ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር።

ጥፋቱ ከተገኘ በኋላ በዚያ ጊዜ ነጋቲቭ የተባሉት ሁሉ ተጠርተው በአዲስ ቱቦ ይመረመራሉ። ይህ የሚሆነው በእያንዳንዱ ተሳታፊ ስም ትይዩ የሎት ቁጥሩ፣ ናሙናው የተወሰደበት ቀንና የሚሠራ ስልክ ከተጻፈ ነው። በብዙ መዝገብ ላይ የሚገኘው ግን ስም፣ ዕድሜ እና “ነጋቲቭ” የሚለው ቃል ብቻ ነው።