ሎሚያችንን ዓይን በላት

ግቢያችን ያለችው ሎሚ ከዝናቡ በኋላ ለጋ ቅጠል አውጥታ ደስ ብሎን ሳንጨርስ ቅጠሏ ሁሉ ተጨማደደ፣ ላዩ ላይ ብርማ ጠመዝማዛ መስመር፣ ቀንድ አውጣ ሲዞርበት ያደረ ነው የሚመስለው። ጎረቤታችን አዴ መጥተው አዩና "አቦ ዓይን ነው፣ ያቺ እንግዳችሁ ስታደንቃት ሰምቻለሁ" አሉ። ድሬ ላይ በዚህ ሙቀት ጥላ ያለው ዛፍ ሲታመም ቀልድ አይደለም፣ እማዬ ወዲያው የተጎዳውን ሁሉ ቆራርጣ ጣለችው።

እኔ አንዱን ቅጠል ወደ ፀሐይ ሳነሳው መስመሩ ውስጥ ትል አለ!! ነገሩ ለካ የእሳት እራት ልጅ ነው፣ ፊሎክኒስቲስ ሲትሬላ ይሉታል፣ ስሙን ያገኘው በ1856 እ.ኤ.አ. ከህንድ ካልካታ በተገኘ ናሙና ነው፣ ዛሬ ሎሚና ብርቱካን ባለበት አገር ሁሉ ማለት ይቻላል አለ። እናትየው ክንፏን ዘርግታ እንኳ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፣ ማታ ማታ መጥታ ለጋው ቅጠል ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፣ የጠነከረ ቅጠል አትፈልግም። ትሉ ሲፈለፈል በቀጥታ ቅጠሉ ቆዳ ስር ይገባና ጭማቂውን እየጠጣ ይሄዳል፣ ወደ ሌላ ቅጠል መሻገር የለም፣ መሃል ላይ ያለችው ጥቁር መስመር ደግሞ ኩሱ ናት (ይቅርታ ምሳ ላይ ላላችሁ)። ሲጠግብ ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ይደርስና በሐር ክር አጥፎ እዚያው ተሸፍኖ ይቀየራል፣ ሙቀት ከሆነ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ።

መድኃኒት ገዝተን ረጨን፣ ምንም። ቆዳው ስር ያለውን ላይ ላዩን ብትረጨው የት ይደርሳል፣ ይልቅ ትሉን የሚበሉትን ጥቃቅን ተርቦች ነው የምትጨርሰው። የእማዬ መቁረጥም ባሰ፣ ተቆርጣ አዲስ ለጋ አወጣች፣ ለነሱ ድግስ ማለት እኮ ነው፤ የተበላውም ቅጠል ቢሆን አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ዛፉን ይመግባል። ችግኝ ከሆነ ያሳስባል እንጂ ትልቅ ዛፍ ይችለዋል።

ሁለት የታጠፉ ቅጠሎች ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ከአንዱ ትንሽ ተርብ ወጣ፣ ከሌላው እሷ ራሷ፣ ነጭ ብርማ፣ ክንፏ ጫፍ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ። ለአዴ ወስጄ አሳየኋቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው ጠርሙሱን አገላብጠው አዩና፣

"ይኸው ዓይኗ፣ አላልኳችሁም?"