መብራት ሲጠፋ የሚድን ኔትወርክ

አለቃችን ለሰርቨሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ያስገዙት መብራቱ አላስቀምጥ ሲል ነው። ጅማ ክረምት ሲገባ የታወቀ ነው። ዩፒኤሱ በገባ በ3 ሳምንቱ ኔትወርኩ ሞተ ማለት ይቻላል። ሂሳብ ክፍል አንድ ደረሰኝ እስኪወጣ ቡና ተፈልቶ ቶና ይደርሳል።

ከአዲስ አበባ የተጠራው ባለሙያ «መስመሩ ነው» አለ። አበሉን ተቀበለ፣ ቡናውን ሸምቶ ተመለሰ። እውነት ለመናገር እኔም መስመሩ ነው ብዬ ነበር።

አንድ ማታ ስወጣ ዘበኛችን አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ያ ባትሪ ከመጣ ወዲህ አይደለም እንዴ?»

«የቱ ነገር ጋሼ?»

«ድሮ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዉ ደስ ብሎት ይሠራ ነበር። አሁን መብራቱም አይጠፋ፣ ሰዉም አይሠራ።»

ሳቅኩባቸው። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ግን ሳቄ ጠፋ። መብራት ሲሄድ አብሮ የሚሄደው ምንድን ነው? የአይፒቴብልስ ሩል! አይፒቴብልስ የሊኑክስ ሰርቨር ፋየርዎል ነው፤ ሩል የሚባለው ደግሞ የትኛው ዳታ ይለፍ፣ የትኛው ይታገድ የሚለው ደንብ ነው። ሰርቨሩ ሲነሳ ዝርዝሩ ባዶ ነው። የሚሞላው በየ5 ደቂቃው የሚነሳ ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) ነው። ስክሪፕቱ ደግሞ የእጄ ሥራ ነው።

ጠዋት ቆጠርኩ። 12 መሆን የነበረባቸው ሩሎች ከ70,000 በልጠዋል።

ስክሪፕቱ ሩሉ መኖሩን ያያል፣ ከሌለ ይጨምራል። የሚያስተያየው ግን ጽሑፍን ከጽሑፍ ነው። እኔ የኮምፒውተሩን አድራሻ 10.20.4.7 ብዬ ጽፌያለሁ፤ አይፒቴብልስ ዝርዝሩን ሲያወጣ 10.20.4.7/32 ይላል፤ /32 «ይህ አንድ አድራሻ ብቻ» ማለት ነው። መዝገብ ላይ «ከበደ» የተባለው ሰው «አቶ ከበደ» ተብሎ ሲጠራ የለም እንደ ማለት ነው። እናም በየ5 ደቂቃው 12ቱንም እንደገና ይደረድራል፤ በቀን 3,456። የሚገጥመው ሩል ያጣ ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) ያን ሁሉ አንድ በአንድ ይወርደዋል።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነበር። ማስተያየቱን ለራሱ ለአይፒቴብልስ መተው። «ማይነስ ሲ» (-C) የሚባለው ትእዛዝ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አለ፤ ሩሉ ካለ ዜሮ ይመልሳል፣ «አለ» ማለቱ ነው። እኔ ግን የራሴን ፈጠርኩ።

ሪፖርቱ ላይ «የንጽጽር ስህተት ተስተካክሏል» ብዬ አለፍኩ።

ማታ ዘበኛውን «ጋሼ፣ ባትሪው አይደለም፤ ስክሪፕት ነው» አልኳቸው።

«እሱን ማን ነው ያስገባው?»

ባጃጅ አስቆምኩ።