የመጀመሪያ ፓወር ካይት አመራረጥ፦ ከስፋቱ በፊት ማቆሚያውን እዩ

ፓወር ካይት ሰው ለመጎተት የተሠራ ካይት፣ ማለትም በገመድ ተይዞ በነፋስ የሚበር ጨርቅ ነው። አሸዋ ላይ ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ፣ ሣር ላይ ጎማው ወፍራም የሆነ ሰሌዳ፣ ውሃ ላይ ደግሞ የሰርፍ ሰሌዳ ይጎትታል። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሜትር ልግዛ?» ብሎ ነው። እኛ አስቀድመን የምናስመልሰው ሌላ ጥያቄ አለ፦ እጀታውን ብትለቁት ካይቱ ምን ይሆናል? ይህን ያወቀ ሰው ስፋቱን መምረጥ አይከብደውም።

ለጀማሪ የምንመክራቸው ካይቶች ዘንግ የሌላቸው፣ ከጨርቅ ብቻ የተሰፉ ናቸው። ከፊት ጠርዛቸው ባሉት ክፍት አፎች ነፋስ ገብቶ ይነፋቸዋል፤ ቅርጻቸውን የሚይዘው አየሩ ራሱ ነው። ሐሳቡ ካይት ሠሪው ዶሚና ጃልበርት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካወጣው ንድፍ የመጣ ሲሆን ዛሬ ፓራግላይደርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሲወድቅ የሚሰበር ዘንግ ስለሌለው ለመማሪያ ይመቻል። ይሁን እንጂ በአፍንጫው መሬት ላይ በኃይል ከተተከለ ውስጡ የታመቀው አየር መውጫ አጥቶ ስፌቱን ሊያፈነዳው ይችላል። ሊከሰከስ መሆኑን ስታዩ ገመዱን ወደ ራሳችሁ አትሳቡ፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ ወደ ካይቱ ጥቂት እርምጃ ሩጡ። ገመዱ ሲላላ የምቱ ኃይል ይቀንሳል።

ገበያ ላይ የምታገኟቸው ሦስት ዓይነት ናቸው። ባለ ሁለት ገመዱ በግራና በቀኝ እጅ ብቻ ይነዳል፤ ፍሬን የለውም። ለማሳረፍ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ዳር ወስዶ ቀስ አድርጎ መሬት ማስያዝ የግድ ነው። ባለ ሦስት ገመዱ በባር፣ ማለትም በሁለት እጅ በሚያዝ አግዳሚ ዱላ ይያዛል፤ ሦስተኛው ገመድ ከእጅ አንጓችሁ ጋር ስለሚታሰር ባሩን ስትለቁት ካይቱ በዚያ ገመድ ብቻ ተይዞ ይሟሽሻል፣ ጉልበቱም ያልቃል። ባለ አራት ገመዱ ሁለት እጀታዎች አሉት፦ የጉልበት ገመዶቹ ከእጀታው ላይኛ ጫፍ፣ የፍሬን ገመዶቹ ከታችኛው ጫፍ ይታሰራሉ። በእጅ አንጓ ላይ የሚጠለቀውና ካይት ኪለር የሚባለው ማሰሪያ ከፍሬን ገመዶቹ ጋር ይያያዛል። እጀታውን ስትለቁት ካይቱ በፍሬኑ ብቻ ይያዝና ተጣጥፎ ይወርዳል።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ወደ ጋሪ ወይም ወደ ሣር ሰሌዳ ማለፍ የሚፈልግ አዋቂ ሰው ካይት ኪለር ያለው ባለ አራት ገመድ ይግዛ። ውሃ ላይ ለመውጣት ያሰበ ሰው ደግሞ እጁ ባር እንዲለምድ በባለ ሦስት ገመድ ይጀምር። ለልጆችና «እስቲ ልሞክረው» ለሚል ሰው ትንሽ ባለ ሁለት ገመድ ይበቃል። ካይት ኪለር የሌለው ባለ አራት ገመድ ካይት በምንም ዋጋ ቢሸጥላችሁ ማሰሪያው ተገዝቶ ሳይገጠምለት አታብርሩት።

አሁን ስፋቱን እንይ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ሞዴሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር በሁሉም ካይት ላይ አንድ ነገር አይለካም። ትንንሾቹ ባለ ሁለት ገመዶች ብዙውን ጊዜ የሚጠሩት ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ባላቸው ርዝመት ነው፤ ፕሪዝም ሲናፕስ 140፣ 170 እና 200 ሲባል ሴንቲሜትር ነው። ባለ አራት ገመዶቹ ግን የሚጠሩት በጨርቁ ስፋት ነው፤ ኤችኪው ቢመር ወይም ፒተር ሊን ሆርኔት 3 ሲባል 3 ካሬ ሜትር ነው። «ባለ 2 ሜትሩን ለምጄዋለሁ» ብሎ በቀጥታ ወደ ባለ 4 ካሬ ሜትር የሚዘል ሰው የሚያስበው ስፋቱ በእጥፍ እንደሚጨምር ነው። የለመደው ካይት ግን ጨርቁ 2 ካሬ ሜትር አይሞላም።

በባለ አራት ገመድ ክብደቱ ከ60 ኪሎ በታች የሆነ ሰው ከ2 እስከ 2.5 ካሬ ሜትር፣ ከ60 እስከ 80 ኪሎ የሆነ 3 ካሬ ሜትር፣ ከዚያ በላይ የሆነ ቢበዛ 3.5 ይውሰድ። በባለ ሁለት ገመድ ለልጅ 1.2፣ ለአዋቂ ከ1.4 እስከ 2 ሜትር የክንፍ ርዝመት ይበቃል። ወዳጅ ያገለገለ 10 ካሬ ሜትር የውሃ ካይት በነፃ እንኳ ቢሰጣችሁ በእሱ አትማሩ። ደረቅ መሬት ላይ ያለ አሠልጣኝ የተነሣ ትልቅ ካይት ሰውን አንሥቶ ይጥላል።

የጥንቃቄው ምክንያት ስሌት ነው። የካይት ጉልበት የሚያድገው በነፋሱ ፍጥነት ካሬ ነው፦ ነፋሱ በሰዓት ከ12 ወደ 24 ኪሎ ሜትር ሲወጣ ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ላይ ካይቱ ራሱ ሲከንፍ የሚገጥመው አየር ከመሬቱ ነፋስ ይበልጣል። ነፋሱን ለጀርባችሁ ሰጥታችሁ ቁሙ፤ ካይቱ ሊደርስ የሚችለው ከግራ እስከ ቀኝ፣ ከመሬት እስከ አናታችሁ ባለው ቦታ ነው፣ ለሁለት የተከፈለ ጉልላት በሉት። አናት ላይና በሁለቱ ዳሮች ካይቱ ቀለል ብሎ ይቆማል። ከአናት ተወርውሮ በመሐል ሲያልፍ ግን ያው ካይት፣ በዚያው ነፋስ፣ ተረከዛችሁን አሸዋ ውስጥ እየቀበረ ይጎትታችኋል። ጀማሪ የሚወድቀው እዚያ መሐል ነው።

ነፋሱ ከ12 እስከ 22 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሆን ለመማር ጥሩ ነው። መለኪያ ከሌላችሁ ዛፍ እዩ፦ ቅጠሎችና ቀጫጭን ቅርንጫፎች ሳያቋርጡ ከተንቀሳቀሱ ከ12 እስከ 19 ነው። አቧራና ወረቀት ከተነሣ ከ20 እስከ 28 ደርሷል፣ ከ3 ካሬ ሜትር ያነሰውን አውጡ። ትንንሽ ዛፎች ከነግንዳቸው መወዛወዝ ከጀመሩ ካይቱን ጠቅልሉ። ቁጥሩ ብቻም አይበቃም። አንዴ 10 አንዴ 25 የሚል ነፋስ ሳይዋዥቅ 22 ላይ ከሚነፍስ ነፋስ ይልቅ አደገኛ ነው።

ሀገር ቤት ላላችሁ አንድ የተለየ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ዱባይ ላይ ባለ 3 ካሬ ሜትር ካይት የሚሰጠውን ጉልበት በዚያው ነፋስ አዲስ አበባ ላይ ለማግኘት 4 ካሬ ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። አምራቹ «ከ12 ጀምሮ ይነሣል» ያለው ካይትም ወደ 14 ይጠጋል። ሆኖም ለዚህ ብላችሁ የመጀመሪያውን ካይት አታስፉ። ደጋ ላይ ነፋሱን የሚያውከው ባሕር ዛፉ፣ ሕንፃውና ኮረብታው ነው፤ ከአንድ መጋረጃ በስተኋላ ያለው አየር ከመጋረጃው ቁመት ሰባት እስከ አሥር እጥፍ ርቀት ድረስ የተረበሸ ነው። 10 ሜትር ከሚሆን የባሕር ዛፍ አጥር ጀርባ እስከ 100 ሜትር ድረስ ካይት አይረጋም። አዳማ ላይ ደግሞ የነፋስ ተርባይኖቹ ያለ ምክንያት አልተተከሉም፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው መለኪያ ይያዝ። የትም ብትሆኑ የኤሌክትሪክ ገመድ በአቅራቢያው ያለበትን ሜዳ ተዉት፤ እርጥብ ወይም አቧራ የጠጣ የካይት ገመድ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ባሕር ዳርቻ ላይ ያላችሁ ካይቱ የሚሄድበትን አቅጣጫ አስቡ። እንደ ዱባይ ካይት ቢች ባለ ጠረፍ ከሰዓት በኋላ ከባሕር የሚመጣው ነፋስ የሚገፋችሁ ወደ መንገዱና ወደ ሰው ነው። በካይቱ አቅጣጫ 100 ሜትር፣ በግራና በቀኝ 50 ሜትር ባዶ ቦታ ከሌለ ሌላ ቦታ ፈልጉ። አውሮፓ ላላችሁ የዴንማርኮቹ ፋኖ እና ሮሞ ደሴቶች፣ የጀርመኑ ሳንክት ፔተር ኦርዲንግ በስፋታቸው ለዚህ የተመቹ ናቸው። በእንግሊዝ ካይት ያለ ፈቃድ ከ60 ሜትር በላይ አይወጣም፤ ገመዳችሁ ከ20 እስከ 25 ሜትር ስለሆነ ይህ አያሳስባችሁም፣ ኤርፖርት አጠገብ ግን ገደቡ ከዚያም ይጠብቃል።

አዲስ ካይት ሲደርሳችሁ ከማብረራችሁ በፊት ገመዶቹን ለኩ። የአራቱንም አንድ ጫፍ ከአንድ ካስማ ላይ አጥልቁና ሌላውን ጫፍ እኩል ስባችሁ አስተያዩ። በሁለቱ የጉልበት ገመዶች መካከል የ3 ሴንቲሜትር ልዩነት እንኳ ካይቱን ወደ አንድ ጎን ያስመራዋል። ገመዱ ዳይኒማ የሚባለው ነው፤ አይለጠጥም ማለት ይቻላል፣ ነገር ግን መሐሉ ላይ አንድ ቋጠሮ ከተሠራበት ጥንካሬው በግማሽ ያህል ይወርዳል። ሙቀትም አይችልም፣ 145 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ የሁለት ሰዎች ገመድ ተጠላልፎ ሲፋተግ የሚበጠሰው በዚህ ምክንያት ነው። ጣትንም ይቆርጣል፣ ካይቱ በአየር ላይ እያለ ገመዱን በእጅ መያዝ ፈጽሞ ክልክል ነው።

ለማንሣት ካይቱን በጀርባው አስተኙት፤ የኋላ ጠርዙ ወደ እናንተ፣ ክፍት አፎቹ ከእናንተ ርቀው፣ ሥሩ ያሉት ቀጫጭን ገመዶች ወደ ላይ ሆነው። የኋላ ጠርዙ ላይ ጥቂት አሸዋ ጫኑበት። ገመዶቹን ዘርግታችሁ ካይት ኪለሩን አጥልቁና እጀታዎቹን በጉልበት ገመዱ በኩል እየሳባችሁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ።

ከዚህ በኋላ ብዙዎች የሚቸገሩት ካይቱ አልነሣ ሲል፣ ወይም ተነሥቶ አናት ላይ እየተንቀጠቀጠ በጀርባው ሲወርድ ነው። «ካይቱ የተበላሸ ነው» ብለው የሚመልሱም አሉ። ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የፍሬን ገመዱ ማጠሩ ነው። የጉልበት ገመዶቹ ብዙ ጭነት ስለሚሸከሙ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጥቂት ይረዝማሉ፤ ፍሬኖቹ ባሉበት ስለሚቀሩ ሳትነኳቸው ፍሬን ይይዛሉ። እጀታው ሥር ባለው ማሰሪያ ላይ ያሉትን ቋጠሮዎች እየተጠቀማችሁ ፍሬኑን በየጊዜው 5 ሴንቲሜትር ያህል አርዝሙት። ልክ የሚሆነው ካይቱ አናት ላይ ሳለ የፍሬን ገመዱ በትንሹ ደገን ሲል፣ የኋላ ጠርዙም ሳይታጠፍ ቀጥ ሲል ነው። ከዚያ አልፋችሁ ብታረዝሙት ደግሞ ካይቱን ማቆም ያቅታችኋል።

ካይቱ አናታችሁን አልፎ ከኋላችሁ ሊወድቅ ካለ ወይ ነፋሱ በድንገት ጥሏል ወይ ወደፊት እየተራመዳችሁ ነው፤ ወደ ኋላ ሂዱና ሁለቱንም እጀታ ሳቡ። ተሟሽሾ ወርዶ መሐል ላይ በድንገት ሊነፋ ካሰበ ሙሉ ፍሬን ያዙ። ገመዶቹ ሦስት አራት ዙር ተጠማዘው ስታዩ አትደንግጡ፣ ዳይኒማ ስለሚያንሸራትት ካይቱ ይታዘዛል፤ በተቃራኒው አቅጣጫ አዙራችሁ ፍቱት።

ወደ ሰፊ ካይት ለመዛወር መለኪያው የወራት ቁጥር ሳይሆን እነዚህ ናቸው፦ አናት ላይ ሳታዩት ማቆየት፣ በግራም በቀኝም ዳር ማሳረፍ፣ መሐል ላይ በፍሬን ማቆም፣ በፍሬን ወደ ኋላ አስነሥቶ ማዞር፣ እጀታውን በፈቃድ ለቆ እንደገና ማስነሣት። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የሚያስፈልግ ዕለት ግን እጅ ያልለመደውን አያደርግም።

ያገለገለ ስትገዙ ጨርቁን በአፋችሁ ግጠሙና ንፉበት። አየር ካሳለፈ ፀሐይ በልቶታል፣ በቀላል ነፋስ አይነሣም። ሥሩ ያሉትን ቀጫጭን ገመዶች አንድ በአንድ በጣታችሁ ዳስሱ፤ የሻከረ ካለ ይቀየራል። ትንሽ ቀዳዳ ሪፕስቶፕ በሚባለው የካይት ጨርቅ ፕላስተር ይደፈናል፣ ስፌቱ የተከፈተ ክፍል ግን በልብስ ሰፊ ሳይሆን የፓራግላይደር ጨርቅ በሚያውቅ ሰው ይሰፋ። ክንፎቹ ጫፍ ላይ ያለውን መክፈቻ ፈትታችሁ አሸዋውን አራግፉ፤ ውስጡ የተጠራቀመ ብዙ አሸዋ ካወጣችሁ ስፌቱን ከውስጥ በኩል ሲፍቀው ቆይቷልና ዋጋውን በዚያ ልክ ቀንሱ።