የቡቺን እብጠቶች መመዝገብ ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ

ነገሩ የጀመረው በመዥገር ነው። ማለቴ፣ መዥገር በመሰለኝ ነገር። ቡቺ ተንጋሎ ሆዱን ሳክለት አንዲት ጠቆር ያለች ነገር እጄ ላይ መጣች። ወረንጦ አምጥቼ ያዝ ሳደርጋት ውሻው ጮኸ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከሷ ወዲያ ሌላ አለ፣ በዚያኛውም ጎን እንዲሁ፣ በሁለት መስመር ተሰልፈዋል። የጡት ጫፎቹ ናቸው! ወንድ ውሻም የጡት ጫፍ እንዳለው ያወቅኩት ሰባት ዓመት አብሬው ከኖርኩ በኋላ ነው።

ከእፍረቴ ብዛት ደብተር ያዝኩ። በወር አንድ ቀን ከአፍንጫው እስከ ጭራው እዳብሰዋለሁ። ከንፈሩን ገልበጥ አድርጌ፣ ከጆሮው ጀርባ፣ ብብቱን፣ የጣቶቹን መሃል፣ ከጭራው ስር። ያገኘሁትን እጽፋለሁ፦ የቱ ጋ ነው፣ ስንት ሚሊሜትር ነው፣ ቆዳው ላይ ነው ወይስ ከቆዳው ስር፣ ስገፋው ይንሸራተታል ወይስ ተጣብቋል። አጠገቡ ማስመሪያ አድርጌ ፎቶ አነሳለሁ። «ባለፈው ወር ይህን ያህል ነበር እንዴ?» ለሚለው ጥያቄ የራሴን ትዝታ አላምንም።

በሦስተኛው ወር ሁለት እብጠት ደብተሩ ላይ ነበረኝ። አንዱ ጎድኑ ላይ፣ ለስለስ ያለ፣ ከጣቴ ስር የሚንሸራተት፣ 4 ሴንቲሜትር። ሌላው የኋላ ታፋው ላይ፣ ከ1 ሴንቲሜትር ብዙም የማይበልጥ። እንቅልፍ የነሳኝ ትልቁ ነው። ትንሹማ አንዳንድ ቀን ቀላ ብሎ ያብጣል፣ ከዚያ ደግሞ ይሟሽሻል። «በራሱ እየጠፋ ነው» ብዬ ተውኩት።

ለካ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሐኪሙ ሁለቱንም በቀጭን መርፌ ወጉና ያወጡትን መስታወት ላይ ቀብተው በማይክሮስኮፕ አዩት። ማደንዘዣም አላስፈለገም፤ ቡቺ እንኳን ሊጮህ ዞርም አላለ። ትልቁ ሊፖማ ወጣ፣ ማለትም ተራ የስብ ክምችት። አረማመዱን ካላወከው ይቀመጥ አሉኝ። ትንሹ ግን የማስት ሴል ዕጢ፣ ማለትም ማስት ሴል ከሚባሉ የሰውነት መከላከያ ሴሎች የሚነሳ ካንሰር። ማበጡና መሟሸሹም ሴሎቹ ሂስታሚን የሚባል፣ ቆዳን የሚያቀላና የሚያሳብጥ ኬሚካል ስለሚለቁ ነው። እኔ ደግሞ በየቀኑ ጫን ጫን ሳደርገው ከርሜያለሁ፤ ይህ ሂስታሚኑን የባሰ ይለቀዋል። ዙሪያውን ካለው ጤነኛ ቆዳ ጋር ሰፋ ተደርጎ ተቆርጦ ወጣ። ውጤቱ ደህና ነው፤ ጠርዙ ላይ የቀረ ሴል አልተገኘም።

«በጣት የሚለይ ቢሆን እኔስ ማይክሮስኮፕ ምን ይሠራልኛል?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ ይፈልጋል፣ ይለካል እንጂ ስም አያወጣም።

አሁን የምመራበት ይሄ ነው። እብጠቱ 1 ሴንቲሜትር ከደረሰ ወይም አንድ ወር ከቆየ መርፌ ይነካዋል። በፍጥነት ካደገ፣ ከቆሰለ፣ ከደማ፣ ወይም ትኩስ ሆኖ ካመመው ወር አልጠብቅም። ከመንጋጋው ስር፣ ከትከሻው ፊት ወይም ከጉልበቱ ጀርባ ንፍፊት ካገኘሁ፣ በተለይ ግራና ቀኝ እኩል ካበጠ፣ በማግስቱ ሐኪም ቤት ነን። ንብ ነድፋው ፊቱ አብጦ ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ ያኔውኑ! ሴት ውሻ ያላችሁ ጡቷን አትዝለሉ፤ እዚያ ከሚወጡት ዕጢዎች ግማሽ ያህሉ አደገኛ ናቸው።

ቡችሎች ላይ ቀይ፣ ፀጉር የሌለው፣ ቁልፍ የመሰለ እብጠት ይወጣል። ሂስቲዮሳይቶማ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት በሦስት ወር በራሱ ይጠፋል። ችግሩ የማስት ሴሉም ዕጢ እሱን መምሰል ይችላል። ስለዚህ እሱንም አስወጉት።

የዛሬው ምዝገባ፦ ታፋው ላይ ያለው ጠባሳ ደርቋል፣ ፀጉሩም እየበቀለ ነው። የጎድኑ ስብ እንዳለ 4 ሴንቲሜትር። ቀኝ ብብቱ ስር አንድ አዲስ፣ 3 ሚሊሜትር፣ ይንሸራተታል። ፎቶ ተነስቷል።