ትወዳደር ይሆን?

ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ለፊገር ስኬቲንግ፣ ማለትም በሙዚቃ ታጅቦ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የመዝለል ስፖርት፣ ወዳጆች የሟርት ወቅት ነው። በየዓመቱ በተለያዩ አገሮች የሚካሄዱት የግራንድ ፕሪ ውድድሮች ሊጀመሩ ሲሉ ቀድሞ የወጣው የተወዳዳሪዎች ዝርዝር ይለዋወጣል። እኛም ስም እንለቅማለን። ማን አለች? ማን የለችም? ትናንት የነበረው ስም ዛሬ የት ገባ? ከዚያ ወሬው ይደራል። ቁርጭምጭሚቷን አሟታል። አዲሱ ጫማ አልተመቻትም። ከአሰልጣኟ ጋር ተኳርፈዋል። ወፍራለች። ከስታለች። ትሪፕል ሉትዙ፣ ያ ሦስት ዙር የሚዞሩበት ከባድ ዝላይ፣ ጠፍቶባታል። ማን ነገራችሁ ቢባል መልሱ «እንዲህ ሲባል ሰማሁ» ነው።

እኔም ከሟርተኞቹ አንዷ ነኝ። ዛሬ የማነሳላችሁም ብዙ የተሟረተባትን አሜሪካዊት ስኬተር፣ ግሬሲ ጎልድን ነው። ያገሬ ሰው ስለ አርሰናል ሲከራከር እኔ ስለ በረዶ ላይ ዝላይ ስብሰለሰል የሚያዩኝ ጓደኞቼ «አንቺ ልጅ ጤና የለሽም» ይሉኛል። ሳይሆን አይቀርም። በረዶ ማለት በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበው ብቻ በሆነበት ሰፈር አድጌ እዚህ መድረሴ ለራሴም ይገርመኛል።

አንድ ደጋፊ ከልምምድ ቦታ የተቀረጸች አጭር ቪዲዮ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። መጀመሪያ እንዲሁ ያያታል። ቀጥሎ ፍጥነቷን ቀንሶ ያያታል። ከዚያ አውራ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ ይገፋታል። የሚፈልገው የጫማዋ ስለት በረዶውን የነካበትን ቅጽበት ነው። ሦስት ዙር መሙላት ያለበት ዝላይ ከሩብ ዙር በላይ ጎድሎት ካረፈ ዳኞች ምልክት ያደርጉበታል፣ ነጥቡም ይቀነሳል። ሉትዝ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከመነሳቷ በፊት ስለቱ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት። በመጨረሻዋ ሰዓት ወደ ውስጥ ከወደቀ ሉትዝ መሆኑ ቀረ። ይሄን ሁሉ ያየው ሰው ብይኑን ይሰጣል፤ «ገና ናት»፣ «ለአገር ሻምፒዮናው አትደርስም»፣ «አለቀላት»። ያ ቪዲዮ የስንተኛው ሙከራ ይሆን? ልጅቷ ሌሊቱን ተኝታ ነበር? ከእሱ በፊት ስንቴ ወድቃለች? እሱን የሚጠይቅ የለም።

እንደ ግሬሲ ጎልድ የተሟረተባት ስኬተር አላስታውስም። በ2014 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሩሲያ ውስጥ በተካሄደው የሶቺ ኦሎምፒክ ላይ የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። በግል ውድድሩ አራተኛ ወጣች፤ በቡድን ደግሞ ነሐስ ይዛ ተመለሰች። በ2014 እና በ2016 የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆናለች። ስትዘል አየር ላይ አትታገልም፤ ተነስታ ዞራ ቁጭ ነው። እኔን የያዘኝም እሱ ነው።

ከዚያ 2016 ቦስተን መጣ። የዓለም ሻምፒዮና ነው፣ በገዛ አገሯ። ውድድሩ አጭርና ረጅም በሚባሉ ሁለት ፕሮግራሞች የሚካሄድ ነው፤ በአጭሩ ፕሮግራም 76.43 ነጥብ አግኝታ አንደኛ ሆነች። አሜሪካውያን ሴቶች ከዓለም ሻምፒዮና ሜዳልያ ካዩ አሥር ዓመት ሆኗቸው ነበርና አዳራሹ እሳት ሆኖ ነበር። ረጅሙ ፕሮግራም ላይ ገና በመክፈቻው ሉትዝ ወደቀች። ሁለት ቀን መሪ ሆና ቆይታ አራተኛ ወጣች። ሜዳልያውን ያመጣችው ሌላዋ አሜሪካዊት አሽሊ ዋግነር ናት፤ ብር። ግሬሲ እንባዋ እየወረደ በራሷ ማፈሯን ተናገረች። በዓለም አራተኛ የወጣ ሰው ያፍራል? እሷ አፈረች።

ቀጣዩ የውድድር ዘመን ለማየትም ይከብድ ነበር። በጥር 2017 በአሜሪካ ሻምፒዮና ስድስተኛ ወጣች። ከአሰልጣኟ ከፍራንክ ካሮል ጋር ተለያየች፣ ወደ ሚሺጋን ተዛወረች። የደጋፊው ወሬ በሙሉ ሰውነቷ ላይ አረፈ። ኪሎ ጨመረች፣ ቀሚሱ ጠበባት፣ በዚህ ክብደት ማን ሦስት ዙር ይዞራል። ይሄን የሚሉት ደግሞ አብዛኞቹ የሚወዷት ናቸው። በተቆርቋሪነት ስም ነው የሚባለው። ስለ ቁርጭምጭሚት ማውራትና ስለ ሴት ልጅ ወገብ ማውራት ለእኔ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የስፖርት ወሬ ነው፤ ሁለተኛው ሐሜት ነው፣ ሐሜት ብቻም አይደለም።

ምክንያቱም በ2017 መኸር እሷው ራሷ ተናገረች። ድብርት፣ ጭንቀት እና የአመጋገብ መዛባት ሕመም እንዳለባትና ሕክምና እየተከታተለች መሆኑን ገለጸች። ከግራንድ ፕሪ ወጣች። ቀጥላ ከአሜሪካ ሻምፒዮና ወጣች፤ የ2018ቱ የፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክም በዚያው ቀረ። በኋላ በ2019 መጀመሪያ ላይ በሰጠችው ቃለ ምልልስ ራሷን ስለ ማጥፋት ታስብ እንደነበር ተናግራለች። እኛ የሩብ ዙር ጉድለት ስንለካ ልጅቷ ከሞት ጋር ትነጋገር ነበር።

የሞስኮ ውድድር የመጣው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው። ኅዳር 2018፣ ከግራንድ ፕሪ ውድድሮች አንዱ የሆነው የሮስቴሌኮም ካፕ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ አልተወዳደረችም። ስሟ ዝርዝሩ ላይ ሲታይ ወሬው እንደ አዲስ ፈላ። ግማሹ «እንኳን መጣሽ» አለ። ግማሹ «ማን ነው ይቺን ልጅ ለአውሬ የሚሰጣት» አለ። እኔ በስልኬ አየኋት። ሙዚቃው ሲጀምር እጆቿ ያው የድሮዎቹ ናቸው፤ ትከሻዋም ያው ነው። ዝላዮቹ ግን የሉም። ወደ ዝላዩ ስትገባ ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ ሰውነቷ ያመነታል፣ አየር ላይ ይከፈታል። ውጤቷ 37.51፤ የመጨረሻ። የቦስተኑን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

በማግስቱ ረጅሙን ፕሮግራም እንደማትሠራ አስታወቀች። ሽሽት እንዳይመስልባት መጨነቋን፣ ግን የአእምሮ ጤናዋን ማስቀደም እንዳለባት ጻፈች።

«ያለ ጊዜዋ መጣች» የሚለው የብዙዎቹ ብይን ነበር። እዚህ ላይ አልስማማም። እንዲያውም ይሄን ማስታወሻ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ብቻውን በልምምድ አዳራሽ ውስጥ ሉትዙን ሊመልስ ይችላል። ዳኛ ፊት፣ ስሟ ተጠርቶ፣ ያን ሁሉ ዓይን ተሸክማ እግሯ ይታዘዛት አይታዘዛት ግን ሳትገባበት የሚታወቅበት መንገድ የለም። ሞስኮ ሄዳ አወቀችው። ሄዳም ማቆም ያለባትን ቦታ አየች። የድሮዋ ግሬሲ ብትሆን ረጅሙንም ገብታ እየወደቀች ትጨርሰው ነበር ብዬ አምናለሁ።

የእህቴን ልጅ እዚህ ሜሪላንድ ቅዳሜ ቅዳሜ ስኬቲንግ አደርሳታለሁ። ጀማሪዎቹን መጀመሪያ የሚያስተምሯቸው መውደቅ ነው። ጉልበትን አጥፎ በጎን መቀመጥ፣ እጅን ቶሎ መሰብሰብ፣ በአንድ ጉልበት መነሳት። ወላጆች ካፖርታችንን ደርበን፣ ቡናችንን ይዘን ከመስታወቱ ጀርባ እንቆማለን። ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያሳልፈው ፈተና ሲደርስ ግን የእናቶችን ነገር ማየት ነው! «ደርሳለች? ዝግጁ ናት?» እያሉ አሰልጣኟን መፈናፈኛ ያሳጧታል። እሷ ሁሌ አንድ ዓይነት መልስ ነው የምትሰጠው፤ ትሞክረው። ከፈተናው በፊት ላንዷም «አዎ» ብላ አታውቅም።

አዋቂዎች የመረመሩትስ ቢሆን? አሜሪካዊቷ ስኬተር ሚሼል ኳን አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ናት። በ2006 ተጎድታ የአሜሪካን ሻምፒዮና አልተወዳደረችም፤ ግን ጣሊያን ውስጥ ለሚካሄደው የቶሪኖ ኦሎምፒክ እንዲያስገቧት አመለከተች። በጥር መጨረሻ አምስት ሰዎች ካሊፎርኒያ ድረስ ሄደው በምትለማመድበት አዳራሽ ሁለቱንም ፕሮግራም አሠርተው አዩዋት። ብቁ ናት አሉ። ቶሪኖ ደርሳ በመጀመሪያው ልምምድ ብሽሽቷን ተጎዳች፣ በማግስቱ ከውድድሩ ወጣች። በእሷ ቦታ ኤሚሊ ሂዩዝ ገባች። አምስቱ ሰዎች አልተሳሳቱም። ያዩት የዚያን ቀኗን ሚሼልን ነው።

በነገራችን ላይ ያው ቶሪኖ ላይ ነው ሮቤል ተክለማርያም በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው፤ በረጅም ርቀት የበረዶ ሸርተቴ፣ 15 ኪሎ ሜትር። እሱን ደርሷል ወይ ብሎ ያስጨነቀው ያለ አይመስለኝም። ባንዲራውን ይዞ ብቅ ማለቱ ለእኛ በቂ ነበር። ታድሎ!

የጃፓናዊው ስኬተር የዩዙሩ ሃንዩ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በኅዳር 2017 ኦሳካ ላይ ሲለማመድ አራት ዙር ያለውን ሉትዝ ሞክሮ ወደቀ፤ የቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳ። ከዚያ ዝም። ውድድር የለም፣ ቪዲዮ የለም። ደጋፊው ሊያብድ ደረሰ። የካቲት ላይ ለፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ኮሪያ ሲገባ በመጀመሪያው ልምምድ አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ተንሸራቶ፣ ትሪፕል አክስል የሚባለውን የሦስት ዙር ተኩል ዝላይ አሳይቶ ወጣ። ከዚያች ሩብ ሰዓት ስንት ትንተና ተጻፈ መሰላችሁ! በአጭሩ ፕሮግራም 111.68 አመጣ፣ ወርቁንም ወሰደ። ከአሜሪካዊው ዲክ ቡተን በኋላ፣ ማለትም ከ1952 በኋላ፣ በወንዶች ተከታታይ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እግሩ ድኖ ነበር? አልዳነም። ያለ ማስታገሻ መዝለል እንደማይችል በኋላ ራሱ ተናግሯል።

ሟርቱ ለእኛም አዲስ አይደለም። ቀነኒሳ በ2018 የአምስተርዳም ማራቶን ላይ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ሲያቋርጥ አጎቴ ስልክ ደውሎ «ቀኔ በቃው እንግዲህ፣ ይረፍ» ብሎኝ ነበር። ልክ የቅርብ ዘመድ ያረፈበት ይመስል ድምፁ ተቀይሯል። ዓመት ሳይሞላው ቀነኒሳ በርሊን ላይ 2:01:41 ገባ፤ ለዓለም ክብረ ወሰኑ ሁለት ሰከንድ ቀረው። አጎቴ እንደገና ደወለ። «እኔ ድሮም ብዬሽ አልነበር?» አለኝ። ጋሼ፣ ምን ይባላል!

ስንጠያየቅ የምንውለው ጥያቄ በእኔ ግምት ስለ ስኬተሯ አይደለም። «ደርሳለች?» ስንል «ያቺን የሶቺዋን ልጅ መልሳ ታሳየኛለች?» ማለታችን ነው። ያቺ ልጅ አንዴ አስደስታናለች፤ ዕዳ እንዳለባት ሁሉ በየዓመቱ እንድትደግመው እንጠብቃለን። ስለዚህ ደካማ ሆና ስትመጣ እንከፋለን። ለእሷ አዝነን ይመስለናል፣ ግማሹ ግን ለራሳችን ነው።

ግሬሲ ከሞስኮ በኋላ በቀጣዩ ዓመት ከታች ጀመረች። የሁለት ጊዜ ሻምፒዮን የነበረችው ሰው በማጣሪያ ውድድሮች፣ ከማያውቋቸው ልጆች ጋር ተሰልፋ፣ በር በር እያንኳኳች ወጣች። በጥር 2020 ግሪንስቦሮ ላይ የአሜሪካ ሻምፒዮና ውስጥ ተመልሳ ገባች። ረጅሙን ፕሮግራም ስትጨርስ ሕዝቡ ቆሞ ነው ያጨበጨበላት። እሷ ፊቷን በእጇ ሸፍና ታለቅሳለች፣ እኔም ሶፋዬ ላይ አለቅሳለሁ። እህቴ ከማእድ ቤት ብቅ ብላ «ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም። ግሬሲ ናት።»

«አሸነፈች?»

«አሥራ ሁለተኛ ወጣች።»

እህቴ ትንሽ አየችኝና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ገና እንባዬን ሳልጠርግ ስልኬን ብከፍት ወሬው ተጀምሯል። ሉትዟ ተመልሷል፣ ግን ዙሩ ይጎድለዋል። ሁለት ዓመት አላት፣ ለ2022ቱ የቤጂንግ ኦሎምፒክ ትደርሳለች? እኔ ራሴ ቪዲዮውን ከፍቼ አውራ ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ነበር። ምን ላድርግ፣ ዙሩ እውነትም ይጎድላል።